ከግድግዳችን ማዶ ያለው ብየዳ ቤት

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከግድግዳችን ማዶ በርና መስኮት የሚሠራ ብየዳ ቤት ከተከፈተ ዓመት ሊሞላው ነው። የቀኑን እንደምንም ችለነዋል። ቀን ጠፍቶ የዋለ መብራት ማታ ሲመጣ ግን የተጠራቀመው ሥራ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይጀመራል፤ ግራይንደሩ ብረቱን ሲነካ የቡፌያችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ትንሿ ልጄም ጆሮዋን ይዛ አልጋዬ ውስጥ ትገባለች። የብየዳ ቤቱ ባለቤት የእድራችን አባል ሲሆኑ እናቴ ስታርፍ ድንኳን ከተከሉልን አንዱ ነበሩ። ብከስሳቸው ነውር፣ ዝም ብል በልጆቼ መፍረድ ሆነብኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ

ውድ እኅታችን፣

በሐዘንዎ ቀን የቆመልዎትን ሰው መክሰስ እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ውለታው በልጅዎ እንቅልፍ የሚከፈል አይደለም።

አስቀድመው ለራሳቸው ይንገሯቸው፤ ማሽኑ እየጮኸ በሠራተኞቻቸው ፊት ሳይሆን እሑድ ቡና ጠርተው። የማታው መብራት እንጀራቸው ስለሆነ «ሥራውን ያቁሙ» አይበሏቸው። ከሁሉ የሚረብሸው መቁረጡ፣ መሞረዱና መቀጥቀጡ ነው፤ ብየዳውና ቀለም መቀባቱ ያን ያህል ስለማይሰማ ወደ ማታ የሚተላለፈው እርሱ እንዲሆን ይጠይቋቸው። ላሜራ ሲመታ እንደ ደወል የሚጮኸው ስለሚርገበገብ ነውና ከሥሩ አሮጌ ጎማ ቢነጠፍ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ የመቁረጫው ጠረጴዛም ከጋራ ግድግዳችሁ ይራቅ።

ቃል ገብተው ካልጠበቁ የእድሩን ሰብሳቢ ይዘው ይመለሱ። ያም ካልሆነ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ወሰን አስቀምጧል። ድምፁ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግቡና ለክፍለ ከተማዎ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ባለሙያዎቹ ቀን መጥተው ቢለኩ የእርስዎን ችግር አያገኙትምና ልኬቱ በማታ እንዲሆን በማመልከቻው ላይ ይጥቀሱ።

ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት ግን እንደሚያስገቡ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከባለሥልጣን አፍ እንዲሰሙት አይተዉአቸው።