«ሁሉንም ያያል» የተባለው ካሜራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የመጋዘንና የማሸጊያ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ግቢያችን 5 ሄክታር ይሆናል፤ 210 ሠራተኞች በሦስት ፈረቃ ይሠሩበታል። ዕቃ በተደጋጋሚ ስለጠፋብን 48 የደህንነት ካሜራ ለማስተከል ከአንድ አቅራቢ ፕሮፎርማ ወስደናል፤ ካሜራዎቹ ባለ 4 ሜጋፒክሰል ናቸው፣ የቀረጻው ማስቀመጫም ለ30 ቀን ተሰልቷል። ዋናው ካሜራ በኋላ አጥር በኩል 9 ሜትር ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፤ አቅራቢው «ሁሉንም ያያል» ብሎናል። ድምፅ የሚቀዳና ፊት እየለየ የሰዓት ፊርማ የሚቆጣጠር ሲስተምም አካቶበታል። የሠራተኛ ማኅበሩ ግን ተቃወመ፣ ከአጥሩ ጀርባ ያሉ ጎረቤቶችም ሽማግሌ ላኩብን። የሠራተኞቹን ፈቃድ ማግኘት ግዴታችን ነው? ቀረጻውን ስንት ቀን ማስቀመጥ እንችላለን? የሰረቀ ሠራተኛ ተቀርጾ ቢገኝ ፍርድ ቤት ይቀበለናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ምሰሶው ሳይቆም መጠየቅዎ በጣም ጠቅሞዎታል። በጠበቃነቴ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ካሜራው ተሰቅሎ፣ ሠራተኛው ተሰናብቶ፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው የሚመጡት። ያኔ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ስለ ፈቃድ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ማንነቱ የሚለይ ሰው ምስልን የግል ዳታ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚህ ተነስተው ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛውን ሁሉ «ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ያስፈርማሉ። እኔ አልመክርም። ደመወዙን ከእርስዎ እጅ የሚቀበል ሰው ፊርማ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው፤ ነገ ፈቃዴን አንስቻለሁ ቢልስ ካሜራውን ሊያወርዱ ነው? ንብረትን ከሌብነት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ጥቅም ነው፤ ካሜራው መቆም ያለበት በእሱ ላይ ነው። በእሱ ላይ እንዲቆም ግን ዓላማው በግልጽ ተጽፎ መገኘት፣ ቀረጻውም ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው አለማለፍ አለበት። «ሁሉንም ያያል» የሚለው ቃል ያሳሰበኝ እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም እንዲያይ የተሰቀለ ካሜራ ለምን እንደተሰቀለ ሲጠየቁ የሚመልሱት አይኖርዎትም።

ስለዚህ የግቢውን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከአቅራቢው ጋር ይቀመጡ። ለ48ቱም ካሜራ አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ይህ ካሜራ ምን ለማየት ተሰቀለ? «የጭነት በር፣ የሾፌሩን ፊትና ታርጋ ለመለየት»። «የመጋዘን ቁጥር ሁለት መውጫ፣ ማን ምን ይዞ እንደወጣ ለማወቅ»። መስመር መጻፍ ያቃተው ካሜራ ከፕሮፎርማው ይውጣ። ከልምዴ እንዲህ ሲደረግ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ወረቀቱም ነገ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ለተቆጣጣሪውም ሆነ ለዳኛው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ሰነድ ይሆንዎታል።

መስመሩ ቴክኒኩንም ይወስናል፤ ለእኔ እንደ ጠበቃ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው እትሙ ለሥራው የሚበቃውን የምስል ጥራት፣ በሚታየው ቦታ አንድ ሜትር ስፋት ላይ ስንት ፒክሰል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥብ) እንደሚያርፍ እየቆጠረ አስቀምጦታል። የማያውቁትን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለመለየት በሜትር 250 ፒክሰል ጠይቋል፤ የሚያውቁትን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125፤ የሚያደርገውን ለመከታተል 62 ያህል፤ ሰው መኖሩን ብቻ ለማወቅ 25። አቅራቢው ያቀረበልዎ ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ ምስሉ በአግድም ብዙውን ጊዜ 2,560 ፒክሰል ነው። 40 ሜትር ስፋት ያለውን የማራገፊያ ሜዳ በአንድ ካሜራ ካሳዩት በሜትር 64 ብቻ ይደርስዎታል። አንድ ሰው ካርቶን አንስቶ ሲሄድ ያያሉ፤ ማን እንደሆነ ግን ምስሉ አይነግርዎትም። ያው ካሜራ ስፋቱ 10 ሜትር በማይሞላ በር ላይ ቢያነጣጥር 250ውን ያልፋል። ሌባ የሚያልፈው በበር ነውና ጥራቱን በሩ ላይ ያድርጉት። ሲተክሉም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቆመው ይዩት፤ በራችሁ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ የድሬ ጀንበር ሌንሱ ውስጥ ትገባና የሰው ፊት ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል።

ፍርድ ቤት ይቀበለናል ወይ ላሉት፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ማስረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ እንዳይሆን አድርጓል። በር ላይ የሚያቆምዎት የለም። ክርክሩ የሚመጣው ከገባ በኋላ ነው፦ ይህ ቀረጻ ያልተነካ ነው? ሰውየው እሱ ነው? ቀኑና ሰዓቱ ትክክል ነው?

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ልንገርዎ። አንድ ድርጅት ያሰናበተውን ሠራተኛ ወክዬ ተከራክሬያለሁ። የቀረበው ምስል ጥርት ያለ ነበር፤ ጥጉ ላይ ማክሰኞ፣ 02፡40 ይላል። የድርጅቱ ምስክሮች «ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ነው» አሉ። ነገሩ የገባኝ ምስሉን ደጋግሜ ሳየው ነው፦ ካሜራውን የተከለው ልጅ መቅጃውን በሀበሻ ሰዓት ሞልቶታል። መሣሪያው ግን ሰዓቱን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው፤ ቀኑን የሚቀይረው የእሱ እኩለ ሌሊት ሲደርስ ነው፣ ልጁ በሞላው አሞላል ደግሞ ያ እኩለ ሌሊት ጀንበር ስትጠልቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይውል ነበር። ስለዚህ የሰኞ ማታው ሁሉ በማክሰኞ ቀን ተመዝግቧል። ደንበኛዬ ማክሰኞ ዕረፍት ላይ ነበር፤ የፈረቃው መዝገብም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሰዓቱን የሞላው ባለሙያ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ለችሎቱ የሚያስረዳ ሰው ጠፋ። ሠራተኛው ከውዝፍ ደመወዙ ጋር ወደ ሥራው ተመለሰ። እውነቱ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ ይከነክነኛልም፤ ንጹሕ ከሆነ በማይታመን ማስረጃ ስሙ ጠፍቷል፣ ጥፋተኛም ከሆነ ድርጅቱ ማስረዳት የሚችለውን ነገር በአንድ ቅንብር አጥቷል።

እና ውሉ ውስጥ ያስገቡ፦ መቅጃው በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ይሞላ፣ የሰዓት ክልሉ በትክክል ይመረጥ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ያስተካክል፣ በየሳምንቱም አንድ ሰው አይቶ በመዝገብ ይፈርም። ነገር ሲፈጠር ቀረጻውን ከመቅጃው የሚገለብጠው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ካሜራ ገለበጠ የሚለው ተጽፎ ይፈረም፣ ዋናው ቅጂም ይታሸግ። ስክሪኑን በስልክ ቀርጾ ማምጣት ማስረጃውን ያረክሰዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27ንም አይርሱ። ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብትዎ ምክንያቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። ቀረጻውን አይቶ «ሌላም ይጨምር እንጂ» ብሎ መጠበቅ ጊዜውን ይበላዋል።

ስንት ቀን ማስቀመጥ እንችላለን ላሉት፣ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለካሜራ ቀረጻ ይህን ያህል ቀን ብሎ አልቆረጠም፤ ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ አይቆይ ነው የሚለው። አቅራቢው ለሁሉም 30 ቀን ብሎ አስልቶልዎታል። አንድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43.2 ጊጋባይት ነው፤ 48ቱ በ30 ቀን 62 ተራባይት ያህል ይሞላሉ። ግን መጋዘናችሁ የሚቆጠረው መቼ ነው? በወር አንድ ጊዜ ከሆነ፣ በቆጠራው ማግስት የተሰረቀው ዕቃ መጉደሉ ሲታወቅ ቀረጻው ሊጠፋ አንድ ቀን ቢቀረው ነው። ይልቅ የመጋዘኖቹን 12 ካሜራ 45 ቀን፣ የቀሩትን 36 ደግሞ 15 ቀን ቢያደርጉ ሁለቱም ተደምረው 47 ተራባይት ገደማ ይወጣሉ። ዲስኩም ይቀንሳል፣ ለእያንዳንዱም ቀን ምክንያት አለዎት። ክስተት የተያዘበትን ክፍል ለብቻ አውጥተው እስከ ጉዳዩ መጨረሻ ያቆዩታል።

ፊት የሚለየውን የሰዓት መቆጣጠሪያ ይተዉት። የፊት ልኬት ባዮሜትሪክ፣ ማለትም ሰውን በአካሉ የሚለይ ዳታ ነው፤ አዋጁ ልዩ ጥበቃ ከሚያደርግላቸው ዳታዎች አንዱ ነው፤ የመግቢያ ካርድ ለሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ሸክም የሚያሸክም ምክንያት የለም። የድምፅ ቀረጻውንም ያዘጉት። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ስለ ቤታቸው ሲያወሩ የሚቀዳ ማይክሮፎን ዕቃ አይጠብቅም። ልብስ መቀየሪያ፣ መታጠቢያ፣ መጸዳጃና መስገጃ ቦታ ፈጽሞ አይነኩም፤ ኮሪደር ላይ ያለው ካሜራም በሩ ሲከፈት ውስጡን የማያሳይ መሆኑን በሩን አስከፍተው በዓይንዎ ያረጋግጡ።

የሠራተኛ ማኅበሩን ደግሞ እንደ ባላጋራ አይዩት። ያንን የካሜራ ዝርዝር ይዘው ይቀመጡ፤ ማን ስክሪኑን እንደሚያይ፣ ቀረጻው ለፈረቃ ኃላፊ ሠራተኛ መጠበቂያ እንደማይውል ተስማምተው በሥራ ደንባችሁ ውስጥ ያስገቡት። በየመግቢያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ፦ ቦታው በካሜራ እንደሚጠበቅ፣ ማን እንደሚቀርጽ፣ ለምን፣ ጥያቄ ያለው የት እንደሚደውል ይጻፍ። ግቢያችሁ የሚገባው የቀን ሠራተኛና ሾፌር በእነዚህ ቋንቋዎች ነው የሚያነበው። አንድ ሠራተኛ የራሱን ምስል ልይ ቢል የማየት መብት አለው።

ከአቅራቢው ጋር የተለየ የዳታ ውል ይፈራረሙ። ሲተክል ያስገባውን የይለፍ ቃል በርክክቡ ዕለት ይቀይሩ፤ በስልኩ ከቤቱ ሆኖ የሚያይበትን መንገድ ይዝጉ። ቀረጻ ቢያመልጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ የእናንተ ኃላፊነት ነው። የጥበቃ ሠራተኛ «ሌባው ይታወቅ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ከለቀቀው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 አለ፦ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም። አንቀጽ 28 ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ ምስሉን ለፖሊስ ይስጡ፣ በዚያ ያብቃ።

የቀረው የጎረቤቶቹ ጉዳይ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ከ9 ሜትር ላይ ያ ካሜራ የሚያየው የእናንተን አጥር ብቻ አይደለም። በሙቀቱ ወራት እዚህ አገር ሰው አልጋውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ይተኛል፤ እናት ከልጆቿ ጋር፣ ነጠላ ጣል አድርጋ። ካሜራው በኢንፍራሬድ፣ ለዓይን በማይታይ ብርሃን፣ በጨለማ ያያቸዋል፣ የእናንተ ጥበቃ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ሽማግሌ የላኩት ለዚህ መሰለኝ፣ እውነታቸውንም ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 10 በሰውነት መብቱ ላይ ያላግባብ የተነካ ሰው ድርጊቱ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከከሰሷችሁ ምሰሶውን በራሳችሁ ወጪ እንድታወርዱት ልትገደዱ ትችላላችሁ።

አጥሩን ለመጠበቅ ዝቅ ያሉ፣ አጥሩን ተከትለው በጎን የሚያዩ ካሜራዎች ይበቃሉ። የኔትወርክ ኬብሉ ከ100 ሜትር በላይ ስለማይሄድ እስከ ኋላ አጥር ፋይበር መዘርጋት ይኖርባችኋል፤ ወጪውን አሁኑኑ ፕሮፎርማው ላይ ያስጨምሩ። ከአጥሩ ማዶ ምስሉ ውስጥ የሚገባ ነገር ካለም መቅጃው ላይ በጥቁር ይሸፈናል፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች ይህን ማድረግ ይችላሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ወደ ጥበቃ ክፍሉ ይጋብዟቸው፤ ስክሪኑን ከፍተው ግቢያቸው ጠቁሮ እንደሚታይ ያሳዩዋቸው።