በፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (አሸናፊው አስቀድሞ በሚወሰንበት የትርኢት ትግል) ሻምፒዮኑ ለምን ገንዘብ ያስይዝ ነበር?

የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ይዞ እንዳይኮበልል ነው። "አሸናፊው አስቀድሞ ከተወሰነ ማስያዣ ምን ያደርጋል?" ላልከው፣ ጣጣው ያለው እዚያው ላይ ነው። ስምምነቱ የቃል ነው። ተጋጣሚው መድረክ ላይ ወጥቶ "አልሸነፍም" ቢል ምን ይደረጋል? ፕሮሞተሮቹ (ግጥሚያ አዘጋጆቹ) ፍርድ ቤት ሄደው "ሊሸነፍልን ተስማምቶ ነበር" አይሉ ነገር!

ደግሞም ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 መጀመሪያ ዌይን መን የተባለ ግዙፍ ሰው ሻምፒዮን አደረጉ። የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ እውነተኛ ትግል ግን እምብዛም አይችልም። ኤፕሪል ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ ከአንጋፋው ስታኒስላውስ ዝቢስኮ ጋር አጋጠሙት። ዝቢስኮ ተሸናፊ ተብሎ ነበር የገባው። ለካ ከተቀናቃኝ ፕሮሞተሮች ጋር ጨርሷል! መንን ደጋግሞ እያነሳ አፈረጠው። ዳኛው ምን ያድርግ፣ ሕዝብ እያየ ነው። ዝቢስኮም ከወር ተኩል በኋላ ሴንት ሉዊስ ላይ ማዕረጉን የተቀናቃኞቹ ሰው ለሆነው ለጆ ስቴከር አስረከበ።

ማስያዣውም ቢሆን ሁልጊዜ አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሻምፒዮኑ ሪክ ፍሌር ደብልዩ ሲ ደብልዩ ከተባለው የትግል ድርጅት ሲባረር ያስያዘው 25,000 ዶላር አልተመለሰለትም። እሱም ቀበቶውን ይዞ ተቀናቃኙ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ጋ ሄደ፤ በቴሌቪዥንም አሳዩት።

ክፍያን በተመለከተ፣ በድሮው ዘመን ሻምፒዮኑ በአብዛኛው የሚያገኘው ከትኬት ገቢው በመቶኛ ነበር። ትኬቱን የሚቆጥረው ግን ራሱ ፕሮሞተሩ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የድሮ ጋዜጣ ላይ ያለውን የተመልካች ቁጥር እንዳለ አትውሰድ። እኔ አንዴ አምኜ ሒሳብ ስሠራ አዳራሹ ከሚይዘው ሰው በላይ ወጣልኝ።