ሙዙን የሚያበስለው ሙቀቱ ነው ወይስ ጭሱ?

ጥያቄ፦ ትንሽ ፍራፍሬ ቤት አለችኝ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ጥሬ ሙዝ እየገዛሁ ጓሮዬ ባለች ጠባብ ክፍል አበስላለሁ። እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ቡታጋዝ ለኩሼ በሩን እዘጋለሁ። የሚያበስለው ሙቀቱ ይመስለኝ ነበር። አሥረኛ ክፍል የሆነው ልጄ ግን «ሙቀቱ ሳይሆን አልኪን ነው» ብሎ ይሞግተኛል። ማናችን ነን ልክ? ሌላው ደግሞ፣ ለብየዳ የሚውለው ካርባይድ ቶሎ ያበስላል ይሉኛል። ልግዛ?
የፍራፍሬ ቤት ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፤ ይመርቁልኝ። ሙቀት ይረዳል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። ሲበዛማ ይጎዳል። ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሙዙ ውስጥ ይለሰልሳል፣ ልጣጩ ግን በደንብ ቢጫ ሳይሆን ይቀራል። ዘመናዊ ማብሰያ ክፍሎች ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ላይ የሚቆዩት ለዚህ ነው። እርስዎ ከቡታጋዙ የሚያገኙት ትልቁ ነገር ኤቲሊን የሚባለው ጋዝ ነው። አልኪን የሚባሉት ካርቦኖቻቸው በደብል ቦንድ፣ ማለትም በሁለት ማሰሪያ፣ የተያያዙ ውሁዶች ናቸው፤ ኤቲሊን ከሁሉም ትንሹ ነው።

ከየት መጣ? ነጭ ጋዝ የረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ድብልቅ ነው። እሳቱ በቂ አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። ሰንሰለቱም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ተለውጦ ያልቃል። አየር ሲያጥረው ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ይጨሳል። ያኔ ሰንሰለቱ በሙቀት ይሰባበራል። ከስብርባሪው መካከል ኤቲሊን አለ።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ኤቲሊን ማለት ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ነው፤ በቃ። ስድስቱም አቶሞች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ተዘርግተዋል። ካርቦኖቹ በደብል ቦንድ ተያይዘዋል። ኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ተማሪዎች ሁለቱ ቦንዶች እኩል ይመስሏቸዋል። እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ሲግማ የሚባለው፣ እንደ መቀነት ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ነው። ሁለተኛው፣ ፓይ የሚባለው፣ እንደ ነጠላ ከላይ ደረብ የተደረገ ነው። የፓይ ኤሌክትሮኖች ከካርቦኖቹ በላይና በታች ስለሚገኙ ለመጣው ሁሉ የተጋለጡ ናቸው። የአልኪኖች ጸባይ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህች ከላላችው ቦንድ ነው።

ሙዙም ኤቲሊንን የሚያውቀው በእሷ ነው። በሙዙ ሕዋስ ውስጥ ይህን ጋዝ የሚቀበል ፕሮቲን አለ። ፕሮቲኑ ውስጥ ደግሞ መዳብ አለ። የፓይ ኤሌክትሮኖች ከመዳቡ ጋር ሲያያዙ ሙዙ መብሰል ይጀምራል። ስታርቹ ስኳር ይሆናል፣ አረንጓዴው ይለቃል። ኤቴን የሚባለው ጋዝም እንደ ኤቲሊን ሁለት ካርቦን አለው፤ ግን ሁለት ሃይድሮጅን ተጨምሮለት ፓይ ቦንዱ ጠፍቷል። ክፍሉን በኤቴን ቢሞሉት ሙዙ ምንም አይሰማውም። እኔን ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሚያስፈልገው መጠንም ጥቂት ነው፤ ከ10,000 እጅ አየር አንድ እጅ ኤቲሊን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይበቃል።

ኤቲሊን በዕፅዋት ላይ ኃይል እንዳለው የታወቀው ከመብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ተመራማሪ የአተር ቡቃያው ለምን እንደሚጣመም ሲመረምር፣ ጥፋቱ ለመብራት በሚያገለግለው ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ሆኖ አገኘው። በ1934 ደግሞ ሪቻርድ ጌን የተባለ ተመራማሪ ፍሬ ራሱ ኤቲሊን እንደሚያመነጭ አረጋገጠ። አንድ የበሰለ ሙዝ ጥሬዎቹን የሚያስከትለው ለዚህ ነው።

ለልጅዎ ይህን ጨምረው ይንገሩት። ቡናማው የብሮሚን ውሃ አልኪን ሲገባበት ቀለሙ የሚጠፋው ፓይ ቦንዱ ተከፍቶ ብሮሚኑን ስለሚይዘው ነው። ብሮሚን በሌለበት፣ ከፍተኛ ግፊት ሲኖር፣ ኤቲሊን ጎረቤቱን ኤቲሊን ይይዛል፤ ያም ሌላውን። በሺዎች ሲቀጣጠሉ ፖሊኤቲሊን ይሆናሉ። ፌስታል የሚሠራው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር ኖርዝዊች ውስጥ ጊብሰንና ፎሴት የተባሉ ኬሚስቶች መጀመሪያ ያገኙት፣ ሌላ ነገር ሊሠሩ ሲሞክሩ ዕቃው ውስጥ ቀርቶ ያዩትን ሰም መሳይ ነጭ ነገር ነው።

ወደ ካርባይዱ ልምጣ። አይግዙ። ካርባይድ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው አሴቲሊንን ነው። እሱ አልካይን ነው፤ ካርቦኖቹ በሦስት ቦንድ የተያያዙ ናቸው። ፓይ ቦንድ ስላለው ሙዙን ያታልለዋል፤ ግን ከኤቲሊን በጣም የበለጠ መጠን ይፈልጋል። በዚያ ላይ የብየዳ ካርባይድ ንጹህ አይደለም። የአርሰኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ስላለበት ከእርጥበት ጋር መርዛማ ጋዞችን ይለቃል። አሴቲሊኑ ራሱ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ሰው የሚበላው ነገር አጠገብ ቦታ የለውም።

ቡታጋዙም ቢሆን ያሳስበኛል፤ ሳልነግርዎ ባልፍ ቅር ይለኛል። ኤቲሊን የሚሰጥዎ ያው አየር ያጠረው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድም ይሰጣል። ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ክፍሏ ከመኝታ ቤት ጋር በግድግዳ የምትገናኝ ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ። ካልሆነም በሩን በሰፊው ከፍተው በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይግባ፤ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማዎ ወዲያው ይውጡ።

ለትንሽ ሱቅ የሚሻለው ሌላ መንገድ አለ። ጥሬውን ሙዝ ካርቶን ውስጥ ደርድረው በየመካከሉ በደንብ የበሰሉ ጥቂት ሙዞች ያስቀምጡና ይክደኑት። በቀን አንዴ ከፈት ያድርጉት፤ ሙዙ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም መብሰሉን ያዘገየዋል። ከቡታጋዙ ጥቂት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል፣ ለቅዳሜ ገበያ የሚፈልጉትን በሳምንቱ መጀመሪያ ያስገቡ።