የአሜሪካ አብዮት ወታደሮች ደመወዝ ለማን ተከፈለ?

ጥያቄ፦ በአዘዞ የምኖር የጡረተኛ ወታደር ልጅ ነኝ። ከብሪታንያ አገዛዝ ነፃ ለመውጣት የተዋጉት የአሜሪካ አብዮት ወታደሮች አሸንፈው ሲበተኑ በደመወዛቸው ፈንታ ወረቀት እንደተሰጣቸው፣ በወረቀቱ የበለጸጉት ግን ሌሎች ሰዎች እንደሆኑ አነበብሁ። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ታዲያ ለምን ሸጡት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። ሕጉስ እንዴት ፈቀደ?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ የአባትዎ ጥያቄ የነገሩ ሥር ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። የሸጡት ስለቸገራቸው ነው። ጦርነቱን ይመራ የነበረው ኮንግረስ ግብር የመጣል ሥልጣን ስላልነበረው ወጪውን የሚሸፍነው በመበደርና የወረቀት ገንዘብ በማተም ነበር፤ የዚህ ገንዘብ ዋጋ እጅግ ከመውደቁ የተነሣ በ1780 እ.ኤ.አ. ኮንግረሱ ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር እንዲተመን ወሰነ። በ1783 ሠራዊቱ ሲበተን ለወታደሩ የደረሰው በዓመት 6 በመቶ ወለድ የሚታሰብለት፣ መቼ እንደሚከፈል ግን የማይታወቅ የዕዳ ወረቀት ነበር። ከኮነቲከት ግዛት የዘመተው ጆሴፍ ፕለም ማርቲን በእርጅናው እንደጻፈው፣ ጓደኞቹ ወረቀታቸውን የሸጡት በሰው ፊት የሚያስቀርብ ልብስና እስከ ቤታቸው የሚያደርስ ስንቅ ለመግዛት ነው። እህሉ ገና በማሳው ሳለ በረከሰ ዋጋ ለነጋዴ የሚሸጥ ገበሬ የሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገዢዎቹ ለ1 ዶላር ወረቀት አንዳንዴ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ብቻ ይሰጡ ነበር።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን በጃንዋሪ 1790 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት፣ ወረቀቱ ዛሬ በእጁ ላለው ሰው በሙሉ ዋጋው በአዲስ ቦንድ እንዲተካለት ሐሳብ አቀረበ። ወሬው ርቆ ወደሚኖረው ሕዝብ ሳይደርስ ነጋዴዎች ቀደሙ፤ የጆርጂያው ተወካይ ጄምስ ጃክሰን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ 3 መርከቦች ምንም ካልሰሙት የደቡብ ሰዎች ወረቀት ለመግዛት መነሣታቸውን በምክር ቤቱ ፊት በምሬት ተናገረ። የቨርጂኒያው ተወካይ ጄምስ ማዲሰን በበኩሉ፣ ገዝቶ ለያዘው ሰው ወረቀቱ በገበያ ያወጣው ከፍተኛ ዋጋ እንዲከፈለው፣ ቀሪው ግን መጀመሪያ ለተሰጠው ሰው እንዲመለስ ጠየቀ። በፌብሩዋሪ ወር ድምፅ ሲሰጥ 36 ለ13 ተሸነፈ።

የሃሚልተን መከራከሪያ ቀላል አልነበረም፤ መንግሥት የፈረመውን ወረቀት ገዢው ማን እንደሆነ እየለየ የሚከፍል ከሆነ ነገ ማንም አያበድረውም፣ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ሊሸጥ አይችልም የሚል ነበር። ይህን እቀበላለሁ። የመጀመሪያዎቹን ባለቤቶች ፈልጎ ማግኘት አይቻልም የተባለውን ግን አልቀበልም፤ የወታደሮቹ ወረቀት የተሰጠው በየስማቸው ተመዝግቦ ነበርና። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ያው ወታደር ኋላ ግብር ከፋይ መሆኑ ነው። በማሳቹሴትስ የግዛቲቱን ዕዳ ለመክፈል የተጣለው ከባድ ግብር ገበሬውን መሬቱን እስከማጣት ስላደረሰው፣ በ1786 የተነሣውን አመፅ ከመሩት አንዱ በአብዮቱ ጦር ሻምበል የነበረው ዳንኤል ሼይስ ነበር። ወታደሩ በርካሽ የሸጠውን ወረቀት ሙሉ ዋጋ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል መጠየቁ ነው፤ የአባትዎን ጥያቄ በዚህ በኩልም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ለችግረኛ ዘማቾች ጡረታ የተፈቀደው በ1818 ነው፤ ለተራ ወታደር በወር 8 ዶላር፣ ያውም ድኽነቱን ካስረዳ። ከላይ የጠቀስሁት ማርቲን ጡረታውን ለማግኘት ባቀረበው ማስረጃ፣ ከመኝታውና ከልብሱ በቀር ያለው ሀብት 2 ላሞች፣ 6 በጎችና 1 አሳማ መሆኑን፣ እርጅናና ድካም ሥራ እንደከለከሉት፣ ሚስቱም በሽተኛ እንደሆነች ቃሉን ሰጥቷል።