ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እሑድ ዕለት በደብረ ብርሃን የንባብ ክበባችን ስለ ግራ ፖለቲካ መጻሕፍት ስንወያይ ጊዜ አጠረን። በወረቀት ተጽፈው የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሶሻሊዝም ምንም አላነበብኩም። በቀጥታ የማርክስን «ካፒታል» ብጀምርስ?

መልስ፦ አይሆንም፣ ልጄ። ብዙ ጎበዞች የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳይጨርሱ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ሲመልሱት አይቻለሁ። «የደመወዝ ሥራና ካፒታል» በምትባለው ቀጭን ጽሑፍ ጀምር። ማርክስ በ1847 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ ለጀርመን ሠራተኞች ያስተማረው ነው፤ አድማጮቹ ሠራተኞች ስለነበሩ አይጠማዘዝም። ስታነብ አንድ ጥያቄ ያዝ፦ በከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት የሚሸጠው ምንድን ነው? ብርድ ልብሱ የእሱ አይደለም። የማርክስ የሥራ ባልደረባ ኤንግልስ ጽሑፉን በ1891 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲያሳትም «ሥራውን ይሸጣል» የሚለውን «የመሥራት ጉልበቱን ይሸጣል» ብሎ አረመው። ይህ ተራ የቃል ለውጥ አይደለም። ወጣቱ ለአንድ ቀን ጉልበቱን ይሸጣል፤ በዚያ ቀን የሚፈጥረው ሀብት ግን ከሚከፈለው ይበልጣል። ማርክስ ስለ ትርፍ የሚለው ሁሉ ከዚህች ልዩነት ይነሣል። እሷን ሳይዙ ወደ ፊት መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የ1848ቱን «የኮሙኒስት ማኒፌስቶ» ከ1872ቱ መቅድም ጋር አንብብ። ደራሲዎቹ ማርክስና ኤንግልስ ራሳቸው በዚያ መቅድም የፕሮግራሙ አንዳንድ ክፍሎች ጊዜ እንዳለፈባቸው ጽፈዋል። ይህን ያወቀ ሰው መጽሐፉን እንደ ዳዊት አይደግመውም። «ካፒታል»ን ስትደርስበት ደግሞ ማርክስ ለወዳጁ ለኩግልማን ሚስት የመከረውን ተከተል፦ ስለ ሥራ ቀን ርዝመት ከሚናገረው ምዕራፍ ጀምር፤ ከባዱን መጀመሪያ ለኋላ አቆየው።

ጥያቄ፦ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ነኝ። የአውሮፓ መጽሐፍ ስለ እኛ መሬት ምን ይነግረኛል?

መልስ፦ ጥያቄ መጠየቅን ያስተምርሻል፤ መልሱን ግን ከዚሁ መፈለግ አለብሽ። «ፊውዳል» የሚለውን ቃል በሁሉም ላይ መለጠፍ ያሳስታል። የመንዝ ገበሬ ከአያት ከቅድመ አያት በዘር ቆጠራ ርስት ይካፈል ነበር፤ የደቡቡ ጭሰኛ ደግሞ በሌላ ሰው መሬት ላይ ያርስ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የየካቲቱ የመሬት አዋጅ ራሱ ለርስት አካባቢዎች የተለየ ክፍል ነበረው። በተረፈ የራሳችንን ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አንብቢ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። ሶሻሊስት አልነበረም። ሆኖም ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለምን እንደሚደኸይ፣ የላቲን አሜሪካ ምሁራን ተመሳሳይ ነገር ከመጻፋቸው ከብዙ ዓመታት በፊት አስረድቷል። ከእሱ ቀጥሎ የጉያናውን የታሪክ ምሁር የዋልተር ሮድኒን የ1972 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ፣ አውሮፓ አፍሪካን እንዴት ወደ ኋላ እንዳስቀረች የሚተርከውን፣ ብታነቢ ሁለቱ ሲነጋገሩ ትሰሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ እነዚህን መጻሕፍት ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም። ለምን ለልጆች ትሰጣላችሁ?

መልስ፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያ ትውልድ በጥድፊያ አነበበ። በአብዮቱ ዘመን ተቀናቃኝ ከነበሩት ሁለት የግራ ፓርቲዎች ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲል መኢሶን «ወዝ አደር» ይል ነበር፤ አንድ ሠራተኛን ለመጥራት የተመረጠ ቃል የወገን ምልክት ሆነ። ስለዚህ ለልጆቹ የሌኒንን «መንግሥትና አብዮት» ብቻውን አልሰጥም። በጀርመን የታገለችው ሶሻሊስት ሮዛ ሉክሰምበርግ በ1918 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ሆና ስለ ሩሲያ አብዮት የጻፈችውን አብሬ እሰጣለሁ። አብዮቱን እየደገፈች፣ ነፃነት ማለት የተለየ ሐሳብ ላለው ሰው የሚሆን ነፃነት ነው ብላ ሌኒንን ሞግታዋለች። ወንድምዎና ጓደኞቹ ይህችን ጽሑፍ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቢያነቧት ኖሮ እያልኩ እመኛለሁ። የባሕሩ ዘውዴን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክም ልጆቹ አብረው እንዲያነቡ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ይገኛሉ?

መልስ፦ በደርግ ዘመን የታተሙ ትርጉሞችን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጠይቁ። ቃላቱ ይከብዳሉ፤ ሁለት ሆናችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የግራውን ብቻ ላንብብ?

መልስ፦ በፍጹም። የኢኮኖሚ ምሁሩን የሃየክን የ1944 እ.ኤ.አ. «የባርነት መንገድ» ከጎኑ አስቀምጥ፤ ማዕከላዊ ዕቅድን፣ ማለትም መንግሥት ኢኮኖሚውን ሁሉ በዕቅድ መምራቱን፣ አጥብቆ የሚሞግት መጽሐፍ ነው። የእሱም የሮዛም ቅጂ እኔ ዘንድ አለ፤ እሑድ ይዤ እመጣለሁ። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን አታጥፉት፤ ከማትስማሙበት ግን ከሥሩ የራሳችሁን ጻፉ።