አረጋዊን ቤት ውስጥ ማስታመም፦ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። ሥራዬ አልጋ የያዙ አረጋውያንን ማስታመምና ቤተሰባቸውን ማገዝ ነው። ስትጠይቁ የሰውየውን ዕድሜ፣ ሕመሙን፣ አሁን በራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ጻፉልኝ። የመድኃኒት መጠን አልናገርም። ታማሚውን ሳላይ አይሆንም።

ታናሿ፦ እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ስትሮክ ከመታት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ከወገቧ በታች ቀላ ያለ ቦታ አየሁ። ቅባት እየቀባሁ አሸዋለሁ። ልክ ነኝ?

ሲስተር፦ ማሸቱን ዛሬውኑ ተዪው። ከሥር ያለው ሥጋ ተጎድቶ ከሆነ ያባብሰዋል። በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂ። ስትጫኚው ቅላቱ ካልጠፋ የአልጋ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል ዓይን ብቻ አይበቃም። እጅሽን አሳርፊበት። ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቦታ ካገኘሽ ያው እሱ ነው።

በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አገላብጫቸው። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ዳሌ አጥንት ላይ ጫና ያመጣል። ከጀርባቸው ትራስ አስደግፈሽ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማድረግ ይሻላል። ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጊ። አትጎትቻቸው፤ አንሶላ ከሥራቸው አንጥፋችሁ ለሁለት አንሱ። መሀሉ ክፍት የሆነ፣ ቀለበት የሚመስል ትራስ አትጠቀሙ፤ በዙሪያው የደም ዝውውር ያግዳል። ሽንት ካመለጣቸው ቶሎ አጽድተሽ አድርቂ። ቆዳው ከተላጠ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቤት ውስጥ አትሞካክሪ፤ ለሐኪም አሳዪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ሁሉ ሌትና ቀን ብቻሽን ነው የምትሠሪው?

ታናሿ፦ አዎ ሲስተር። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ።

ሩቅ ያለሁ፦ ገንዘብ መላክም እኮ ማስታመም ነው። እኛም እንቅልፍ የለንም።

ተረኛዋ፦ ሌሊት ሦስቴ ተነስተህ ሰው አገላብጠህ ታውቃለህ?

ሩቅ ያለሁ፦ ሥራዬን ጥዬ ልምጣ? የመድኃኒቱን ማን ይክፈል?

ተረኛዋ፦ እኔ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። የኔ ሥራ አልነበረም?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ይህ ጭቅጭቅ ያላየሁበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሁለታችሁም ደክማችኋል።

“የምችለውን አግዛለሁ” የሚባል ነገር ይቅር። ማንም አይነሳበትም። ሥራውን ቆራርጣችሁ በስም አከፋፍሉት። ሩቅ ያለው ሰው ቀጠሮ መያዝ፣ ከሐኪሙ ጋር በስልክ መነጋገር፣ የመድኃኒት ዝርዝር መያዝ፣ ወጪ መመዝገብ ይችላል። ለአስታማሚዋ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት የሚተካ ሰው ቀጥሮ መክፈልም ይችላል። የዓመት ፈቃዱን ለመዝናኛ ሳይሆን እሷን ለማሳረፍ ያውለው። ጎረቤት “ምን ላግዝ?” ሲል “ምንም” አትበሉ። “ማክሰኞ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጪልኝ” በሉ። ሰው የሚያግዘው ምን እንደሚሠራ ሲያውቅ ነው።

ታናሿ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ በትንሽ በትልቁ እናትሽ ላይ መቆጣት ከጀመርሽ፣ የራስሽን ሕክምና ካቋረጥሽ፣ እረፍት ያስፈልግሻል። ክፉ ልጅ ሆነሽ አይደለም።

ጀማሪ፦ ስለ እርጅና ጠቅለል ያለ ምክር ቢሰጡን?

ሲስተር፦ ስለ ማን? ምን ሆነው? እንደገና ጻፍልኝ።

የበኩር ልጅ፦ አባቴ 77 ነው። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ጀምሮታል፤ ሐኪሙ ገና መጀመሪያው ነው ብሏል። ውክልናና ኑዛዜ እናዘጋጅ?

ሲስተር፦ የንብረቱን ነገር ጠበቃ ጠይቅ። ግን አትዘግይ። በብዙ አገሮች ሕግ ተራ ውክልና ሰጪው ማሰብ ሲሳነው ይቋረጣል። ከዚያ በኋላም የሚጸና ውክልና ካለ፣ ባለቤቱ ገና አእምሮው ሳለ መፈረም አለበት። ኑዛዜ ደግሞ ከሞት በኋላ ነው የሚሠራው። አባትህ በሕይወት እያሉ ስለሚደረግላቸው ሕክምና ምንም አይልም።

አሁን የኔን ጥያቄ መልስልኝ። አባትህን ጠይቃችኋቸዋል? መናገር ሲያቅታቸው በእሳቸው ቦታ ሆኖ ከሐኪም ጋር የሚነጋገረው ማነው? እሳቸው ማንን ይመርጣሉ? ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ሕመሙን ነው፣ ብቸኝነትን ነው፣ ወይስ ሸክም መሆንን? በመጨረሻ የት መሆን ይፈልጋሉ?

የበኩር ልጅ፦ አልጠየቅነውም። ስለ ሞት ማውራት ተስፋ ያስቆርጠዋል ብለን ነው።

ሲስተር፦ ሁሉም ቤት የሚለው ይህንን ነው። አረጋውያኑ ግን ብዙ ጊዜ አስበውበታል። ዝም የሚሉት ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ነው። ልጆቹም ለእሳቸው ብለው ዝም ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ያልፋል።

በሞት አትጀምር። ጠዋት ላይ፣ አእምሯቸው ንቁ ሲሆን ቁጭ በል። “አባዬ፣ ብታመም ማን እንዲናገርልኝ እንደምፈልግ እያሰብኩ ነበር። አንተስ ማንን ትመርጣለህ?” በል። ከዚያ ዝም ብለህ ጠብቅ። ካልፈለጉ ተው፣ ሌላ ቀን ሞክር። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፍና ቀኑን አስፍር። ወንድሞችህና እህቶችህ ይስሙ። ሐኪሙም ያንብበው። አባትህ ሐሳባቸውን መቀየር ይችላሉ።

ይህን የምደጋግመው በምክንያት ነው። ልብ ሲቆም ደረት ተጭኖ ለመመለስ ይሞከራል። ሕመሙ መጨረሻ ላይ በደረሰና በጣም በደከመ ሰው ላይ የሚሳካው ከስንት አንዴ ነው። የጎድን አጥንትም ይሰበራል። ይደረግ አይደረግ ተብላችሁ በዚያች ደቂቃ ከምትጠየቁ፣ ዛሬ እሳቸው ይናገሩ።

የልጅ ልጅ፦ አያቴ 84 ዓመቷ ነው። እስከ ትናንት ደህና ነበረች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰው አታውቅም፣ ትቃዣለች። መርሳት በሽታ ነው አይደል?

ሲስተር፦ አይደለም! መርሳት በሽታ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ አዲስ መድኃኒት፣ የሽንት መታገት፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ብዙው ይታከማል። አሁን ወደ ሕክምና ውሰዳት፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘህ ሂድ። ድንገት የመጣ መወናበድ ለነገ አይባልም። ሌሎቻችሁም ይህን ያዙ።

ታዛቢ፦ ለአጎቴ ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ሞርፊን ከጀመረ አለቀለት ማለት ነው። እንዳይወስድ ነግሬያለሁ።

ተረኛዋ፦ የኛም ጎረቤት ከጀመሩት ብዙም አልቆዩም።

ሩቅ ያለሁ፦ ሕመሙ እኮ ነው የገደላቸው፤ መድኃኒቱ ነው ያለው ማነው?

ሲስተር፦ ሩቅ ያለው ልክ ነው። በሐኪም ክትትል፣ ከትንሽ ተጀምሮ በልኩ የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። መጀመሪያ ቀናት ላይ ያስተኛል። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ታዛቢ፣ አጎትህ የሚሠቃዩት አንተ ስለፈራህ መሆን የለበትም። እሳቸውን ጠይቀሃቸዋል?

ማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም የከባድ ሕመምን ሥቃይ የሚያቀል ሕክምናም፣ ለመጨረሻ ቀን ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ ማለትም ወደ ሕይወታቸው መጨረሻ የተቃረቡ ሕሙማን የሚታመሙበትን ቤት፣ ስትከፍት፣ የሰው ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የቤተሰብና የመንፈስም ነው ብላ ነው የተነሳችው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው ሰዎች መካከል ከመደበኛው ሕክምና ጎን ለጎን ማስታገሻ ሕክምናን ቀድመው የጀመሩት የተሻለ ኑሮ ኖሩ። ዕድሜያቸውም ረዘም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማንም እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። “ማስታገሻ ሕክምና የሚሰጥ ክፍል ወይም ቤት ለቤት የሚመጣ ነርስ አለ?” ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

ጀማሪ፦ አያቴ 90 ናቸው፣ አልጋ ላይ ናቸው። ጀርባቸው ቀልቷል። ልሸው?

ሲስተር፦ ከላይ ለታናሿ መልሻለሁ። እባክህ አንብበው። አይታሽም!

ሦስተኛው፦ እናቴ 88 ናት። መርሳት በሽታዋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን አፏን ትዘጋለች፤ ስንሰጣት ትን ይላታል። በቱቦ ትመገብ እያልን ነው። በረሃብ እንዳትሞትብን ፈራን።

ሲስተር፦ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ግን አስገድዳችሁ አታጉርሷት፤ ወደ ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ ሐኪም አፏንና ጥርሷን ይይላት። ቁስል ወይም ሌላ የሚታከም ነገር ሊኖር ይችላል። ያ ከሌለና መርሳት በሽታው እዚህ ከደረሰ፣ በቱቦ መመገብ ዕድሜ እንደሚያስረዝም አልታየም። የሳንባ ምችንም አይከላከልም። ቱቦውን እንዳትነቅል እጇን እስከማሰር የሚደርሱም አሉ።

ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧት። ንቁ ስትሆን፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የምትወደውን፣ ቀስ ብላችሁ። ፊቷን ካዞረች በቃት። ሰውነት እየተዘጋጋ ሲሄድ ምግብ መጠየቅ ያቆማል። አፏን በረጠበ ነገር አዘውትራችሁ አርጥቡ።

ደህና ሳለች ስለዚህ ያለችው ነገር አለ?

ሦስተኛው፦ አለ። ታላቅ እህቷን በቱቦ ሲመግቧት አይታ “እኔን እንዲህ አታድርጉኝ” ብላ ነበር። ወንድሜም ሰምቷል።

ሲስተር፦ ታዲያ እሷ መልሳለች እኮ። ነገ ከወንድምህ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ሂዱና ቃሏን እንዳለ ንገሩት። መዝገቧ ላይም ይጻፈው።