ሻይ ሰዓት ላይ ያወራሁት ሐሳብ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው ቫልቭ በሚነድፍ ድርጅት ውስጥ ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ስለ ፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ ስለሚሰጠው መብት) እና ስለ ቅጂ መብት ክርክር አይጠፋም። አንዱ «የሰው ሥራ ላይ 30 በመቶ ከቀየርክበት ያንተ ነው» ሲል ሌላው «ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ የሁሉም ነው» ይላል። በቀደም ቫልቭ እንዳያፈስ የማሸጊያ ጎማው ቅርጽ እንዴት መሆን እንዳለበት ያሰብኩትን አወራሁ። ባልደረባዬ የራሱ አስመስሎ ለአለቃችን አቀረበው። ዕቃ የሚያቀርብልን ድርጅት ሠራተኛም አብሮን ነበር። መብቴ ተነክቷል ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው መጨረሻ ላይ በጨረፍታ ባለፍሽው እንግዳ ላይ ነው። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። በአውሮፓ የፓተንት ስምምነት ደግሞ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ የደረሰ ነገር፣ በቃልም ቢነገር፣ አዲስነቱን ያጣል። «ሕዝብ» ሲባል አዳራሽ ሙሉ ሰው አያስፈልግም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የሌለበት አንድ ሰው ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ፈጣሪው ራሱ ከተናገረ በኋላ ማመልከቻ ለማስገባት የ1 ዓመት ፋታ አለው፤ ይህ ፋታ ግን በየአገሩ አይገኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የአቅራቢውን ውል አስፈትሺ። የምስጢር ጥበቃ አንቀጽ ካለበትና ይህን ጉዳይ የሚሸፍን ከሆነ እፎይ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የተናገርሽውን በትክክል አስታውሺ። «ጎማው ቅርጹ ቢለወጥ ፍሳሹ ይቆማል» ብቻ ብለሽ ከሆነ ብዙ አልገለጥሽም። የጠርዙን ቅርጽና ግፊቱ እንዴት እንደሚያጠብቀው ናፕኪን ላይ ስለሽ ካሳየሽ ግን ባለሙያ ሰምቶ ሊሠራው ይችላልና ጉዳዩ ከባድ ነው።

ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። ያደረገው ነውር ነው። ሆኖም በቅጂ መብት አትከሺውም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት (ትሪፕስ) አንቀጽ 9 የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን ወይም የአሠራር ዘዴን እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። የሚያዋጣሽ የፓተንት ሕግ ነው። ፓተንትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የፓሪስ ስምምነት ፈጣሪው ስሙ በፓተንቱ ላይ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል። በሥራ ውልሽ መሠረት ንብረቱ የድርጅቱ ሊሆን ይችላል፤ የፈጣሪነት ስምሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አለቃሽም ሊያስብበት ይገባል፤ አንዳንድ አገር ሆን ተብሎ የተሳሳተ ፈጣሪ የተጻፈበት ፓተንት ሊፈርስ ይችላል። አለቆች ይህን ሲረሱት አይቻለሁ፣ ያናድደኛል።

30 በመቶ የሚባለውን ወሬ ተዉት። የቅጂ መብትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ውስጥ እንዲህ ያለ መቶኛ የለም። ፍርድ ቤት የሚያየው የተወሰደው ክፍል ለሥራው ምን ያህል ዋነኛ እንደሆነ ነው፤ ትንሽ ወስዶም መጠየቅ አለ። ኢንተርኔት ላይ መለጠፍም ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ክርክራችሁን ግን አታቁሙ፤ ሰው ሕግ የሚለምደው እንዲህ እያወራ ነው። ችግሩን በነፃነት አውሩ፣ መፍትሔው የሚሠራበትን መንገድ ግን የውጭ ሰው ባለበት አታንሱ። አንቺ አሁኑኑ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳልሽ፣ ምን እንደሳልሽ ቀን ጠቅሰሽ ጻፊና ፓተንት ለሚከታተለው ክፍል ስጪ። ባልደረባሽን የምትወቅሺበት አንድም ቃል አይኑርበት፣ የሆነው ብቻ ይጻፍ። ናፕኪኑ ካልተጣለ አብረሽ አያይዢው።